ዜድ ውስጥ የቀረው ዘር ቆጠራ

ደሴ፣ ኅዳር 14 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሕዝቅያስ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ አቢግያ እንዴት ናት? ናይሮቢ ጊጊሪ ያለው ቢሮህ፣ ወንበርህ፣ ክራባትህ፣ ሁሉም ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አምላክ የተመሰገነ ይሁን፣ ጤና ነን። አባዬ ካረፈ ዓመት ከሁለት ወር ሆነው፤ ሙት ዓመቱንም አውጥተናል። አንተ አለመምጣትህን ልብ ያለ ሰው የለም፣ ከእኔ በቀር።

ስልክ አትደውልልኝ። ባለፈው ስትደውል ያላነሳሁት ሳልሰማ ቀርቼ አይደለም። አባቴን ቀብሬ ስገባ ያልጮኸ ስልክ ዛሬ ለወሬ ሲጮህ ደስ አይለኝም። በወረቀት እንነጋገር። ወረቀት አይቆራረጥም፣ ያልከውንም አላልኩም ለማለት አይመችም።

ጉዳዬ እንዲህ ነው። ልጄ ሮሃ ልታገባ ነው። ልጁ ቶማስ ይባላል፣ የይገዙ ልጅ ነው። አዎ፣ ያ በመሬት ክርክር አባትህ ላይ የመሰከረው ይገዙ። ልጁ ግን አባቱን አይደለም፤ ሮሃን ይወዳታል፣ እሷም ትወደዋለች፣ እኔም ወድጄዋለሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ቀኑ ለየካቲት 16 ከተቆረጠ በኋላ የልጁ አጎት ብድግ አሉና "ሰባት ቤት መሙላቱን ማን አየ?" ብለው ጠየቁ። የእነሱም የእኛም ሥር ወረኢሉ ነው። ሁለቱ ልጆች ወደ ላይ ሲቆጠሩ ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ አያት ላይ ከተገናኙ ጋብቻው ቀረ ማለት ነው፤ ቄሱም አያጋቡም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲነሳ አገሩ ሁሉ የሚመጣው አባዬ ዘንድ እንደነበር ታውቃለህ። ማን ከማን እንደተወለደ አንድ በአንድ የሚቆጥረው እሱ ነበር። ያን ሁሉ ደግሞ ዓይኑን ሊታከም ናይሮቢ በመጣ ጊዜ፣ ዓይኑ ታሽጎ ሰባት ሳምንት አንተ ቤት ሲቀመጥ፣ ለአንተ አስጻፈው። ሊያርፍ ሲል "ዘር ቆጠራው ሕዝቅያስ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው" አለን። እዚህ እግሩን ሳጥብ ለኖርኩት ልጁ አንድ ስም አልነገረኝም። ሴት ልጅ ወደ ሰው ቤት ሂያጅ ናት፣ ዘር አይቆጠርላትም ይል ነበር። እኔ ደግሞ የትም አልሄድኩም፣ እዚሁ ቤቱ ውስጥ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

ስለዚህ ያስጻፈህን ላክልኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት በእጄ ይዤ የማሳየው ነገር ይሁን። ይህን ደብዳቤ የምታመጣልህ ጦይባ ጎረቤቴ ናት፤ በወር ሁለት ጊዜ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር እየተመላለሰች ትነግዳለች። መልሱን ለእሷ ስጣት።

አምላክ ሥራህን ይባርክልህ፣ እንጀራህንም ያቆይልህ።

እህተማርያም ዓለምሰገድ


ናይሮቢ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፣

የከበረ ሰላምታዬ በደሴ ብርድ መሃል ይድረስሽ። ደብዳቤሽን አነበብኩት። ከሰላምታው ጀምሮ እሾህ ስላለው ቀስ ብዬ ነው ያነበብኩት።

ስለ አጎቴ ቀብር አንድ ነገር ልበልና ልለፈው። በአራተኛው ቀን ነው መልእክት የላክሽልኝ፤ "አባዬ አርፏል ተቀብሯል" የሚል ሦስት ቃል። እኔ ያን ሰዓት ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሽንት ቤት ገብቼ ነው ያለቀስኩት። ለተቀበረ ሰው በየትኛው አውሮፕላን እንደሚደረስ ንገሪኝና ለሚቀጥለው እዘጋጃለሁ።

ዘር ቆጠራውን ልኬልሻለሁ፣ ጦይባ የያዘችው ሲዲ ውስጥ አለ። አጎቴ ማታ ማታ ሶፋው ላይ ተኝቶ ይነግረኛል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ በማግስቱ በምሳ ሰዓት ቢሮ ገብቼ እተይበዋለሁ፤ የአማርኛ ፊደል ያለው የቢሮው ኮምፒዩተር ብቻ ነበርና። ሺህ አራት መቶ ሰው ነው የተቆጠረው። ደብተሩን ከተየብኩ በኋላ ቀዳድጄ ጣልኩት። ወረቀት ይጠፋል፣ ይረጥባል፣ አይጥ ይበላዋል፤ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባ ነገር ግን የትም አይሄድም።

ላፕቶፔ ትንሽ አርጅቷል። ማይ ኮምፒዩተርን ስከፍት መስኮቱ ነጭ ይሆንና ትንሽ የእጅ ባትሪ ሥዕል ወዲያ ወዲህ እያወዛወዘ ሩብ ሰዓት ያስቀምጠኛል። ደግነቱ ፎልደሩ ከፊት ለፊት ዴስክቶፑ ላይ ስለሆነ ጎትቼ ሲዲው ውስጥ ከተትኩት። በአንድ ሴኮንድ ተገለበጠ።

ስለ ይገዙ ልጅ አልተጠየቅኩምና አስተያየት አልሰጥም። ሮሃን ሳሚልኝ። ሥራ በጣም በዝቶብኛል፣ አሁንም ስብሰባ እየጠበቀኝ ስለሆነ በዚሁ ላብቃ።

ለዘመዶቻችን ሁሉ ጤና ይስጥልኝ።

ሕዝቅያስ


ደሴ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2000 ዓ.ም.

ሥራው በዝቶ ለማያልቅለት ለወንድሜ ለሕዝቅያስ፣

ነገ ገና ነው። እንኳን አደረሰህ። ልደቱን በደስታ እንዳልውል ያደረግከኝን አንተን አምላክ በደስታ ያውልህ።

ሲዲህን ይዤ ፒያሳ ኑሬ ኮምፒዩተር ቤት ሄድኩ። ኑሬን አታውቀውም፤ የከተማው ማመልከቻና የሠርግ ካርድ ሁሉ እሱ ቤት ነው የሚተየበው፣ ጨዋ ልጅ ነው። ሲዲውን ከተተው። አንድ ቢጫ ፎልደር ታየ፣ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀስት አለችበት። አባቴ እዚያ ውስጥ ያለ መሰለኝ። ኑሬ ሁለት ጊዜ ነካው። መስኮቱ ነጣ። ጠበቅን። ማውሱን ወዲያ ወዲህ አደረገው፣ አልሰማ አለ። "ስታክ አደረገ" አለኝ። ሰው ለማመልከቻ ተሰልፏል፣ የኑሬ ኮምፒዩተር ደርቆ ቀርቷል፣ እኔ ሲዲ ይዤ የመጣሁት ሴትዮ መሃል ላይ ቆሜያለሁ።

በመጨረሻ ኑሬ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ አበራው፣ ቀስቷን በሌላ መንገድ መረመራትና እንዲህ አለኝ፤ "እትዬ፣ ይሄ ፋይል አይደለም። ሾርትከት ነው፣ ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁም አድራሻ ብቻ። የሚጠቁመው ዜድ የሚባል ድራይቭ ላይ ነው። ዜድ ደግሞ እሳቸው ላፕቶፕ ውስጥ አይደለም፤ ቢሯቸው ባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፣ በኔትወርክ የሚያገኙት። ቢሮ ሲሆኑ ይከፈትላቸዋል፤ ከቢሮ ሲወጡ ላፕቶፑ ዜድን ሲፈልግ ሲፈልግ ይደርቃል።"

"ከሌለ ለምን የለም ብሎ አይገላግለንም?" አልኩት።

"የለም ለማለት ይቸግረዋል" አለኝ።

እኔ ኮምፒዩተር አላውቅም። ሰው ግን አውቃለሁ። ሃያ ዓመት ቢሮ የሠራ ሰው አድራሻና ዕቃ መለየት አያቅተውም። ሆን ብለህ ነው። ይገዙ አባትህ ላይ መሰከረ፣ አንተ ደግሞ የልጁን ሠርግ በእጅህ አገኘህ። ደግሞ ደብተሩን ቀዳደድኩት ትለኛለህ። አባቴ የተናገረው የተጻፈበትን ወረቀት ቀዳደድከው?

የምትሠራው ቀላል ነው። ቢሮህ ግባ፣ ላፕቶፑን አገናኝ፣ ዜድን ክፈት፣ ራሱን ፋይሉን ገልብጥ። ኑሬ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ብሏል። ሠርጉ የካቲት 16 ነው።

እህተማርያም


ናይሮቢ፣ ጥር 20 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለእትዬ እህተማርያም፣

መልሴ የዘገየው በእኔ አይደለም። የምርጫውን ረብሻ በሬዲዮ ሳትሰሚ አትቀሪም። ለሁለት ሳምንት ያህል ማታቱ የሚሉት የዚህ አገር ታክሲ እንደልብ አይገኝም፣ የመሃል ከተማው ሱቅ ሁሉ በግማሽ በር ነበር፣ ጦይባም ብትሆን ኢስትሊ ካለው ማረፊያዋ አልወጣችም። ደህና መሆናችንን አልጠየቅሽም፤ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ፣ ደህና ነን።

ስለ ቀስቷ ኑሬ ያለው እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ የትርጉም ሰው ነኝ፣ የኮምፒዩተር ባለሙያ አይደለሁም። ዓይኔ ፊት ፎልደር አየሁ፣ ጎትቼ ከተትኩ። ይኼ ክፋት ከሆነ ፍረጂብኝ። አባቴ ላይ የተመሰከረውን ግን አንቺ ነሽ ያነሳሽው፣ እኔ ረስቼው ነበር። አሁን ስላስታወስሽኝ አመሰግናለሁ።

ሌላው ነገር፣ ቢሮዬ የኑሬ ሱቅ አይደለም። ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው፤ ገብቶ ሰክቶ መውጣት የሚባል ነገር የለም። በአሁኑ ሰዓት ኔትወርኩ እድሳት ላይ ስለሆነ ዜድ ለጊዜው ተዘግቷል። መቼ እንደሚከፈት አላውቅም። እስከዚያ ላፕቶፑን በከፈትኩት ቁጥር መስኮቱ ይነጣል፣ ባትሪዋ ትወዛወዛለች። አስተካክልልኝ ብዬ የሰጠሁት አንድ የኢስትሊ ልጅ "ዜድን ላጥፋልህ፣ ከዚያ በኋላ አይደርቅም" አለኝ። እንዳይነካው ከለከልኩት።

ይልቅ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጥድፊያው ምንድን ነው? የካቲት 16 ከሰማይ የወረደ ቀን አይደለም። ሁዳዴ ይግባ፣ ፋሲካም ይዋል፣ ግንቦት ላይ ቢደገስ ሙሽራይቱ አታረጅም። አንቺ ግን ከልጅነትሽ ጀምሮ እሳት ጭረሽ ነው የምትመጪው።

ለሮሃ መልካሙን እመኛለሁ።

ሕዝቅያስ


ደሴ፣ ጥር 29 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለሕዝቅያስ፣

ከፋሲካ በኋላ አይሆንም። ለምን እንደማይሆን አትጠይቀኝ፣ ሁለተኛም እንዳታነሳው።

ኑሬን ጠየቅኩት። መቼ እንደሚከፈት የማይታወቅ ኔትወርክ ሰምቶ አያውቅም። "ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ከሆነማ በአንድ ቀን ይመለሳል" ነው ያለኝ። ትላንት የልጁ አጎት ቤቴ መጥተው "ወይዘሮ፣ ጽሑፉ አለ ወይስ የለም?" አሉኝ። አለ፣ በመንገድ ላይ ነው አልኳቸው። በአንተ ምክንያት መዋሸት ጀምሬያለሁ። ሮሃ በሩ ሥር ቆማ ትሰማ ነበር፤ ፊቷን ብታየው ቢሮህን በእጅህ ቆፍረህ ታወጣው ነበር።

እንግዲህ አንተ ካልቻልክ እኔ እችላለሁ። ይህን ደብዳቤ ጦይባ ቤትህ አታመጣም። ጊጊሪ ቢሮህ በር ድረስ ሄዳ፣ አንተን አስጠርታ፣ በእጅህ ትሰጥሃለች። ፋይሉ እስኪገለበጥ በሩ ላይ ትጠብቅህ ብያታለሁ። እሷ ነጋዴ ናት፣ መጠበቅ ታውቃለች። ከእሷ እጅ አምልጠህ ስብሰባ አለኝ ብትል ስብሰባው ድረስ ትገባለች።

አምላክ ልብ ይስጥህ።

እህተማርያም


ናይሮቢ፣ የካቲት 4 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለወይዘሮ እህተማርያም ዓለምሰገድ፣

እንደምን አሉ? አንቺ ማለት ስላቃተኝ ነው እርስዎ የምለው። እርስዎ ለባዕድ ሰው ነው፣ ከዛሬ ጀምሮም እንደዚያው ይሁን።

የላኳት ሴት ትእዛዝዎን በሚገባ ፈጽማለች። ሰኞ ጠዋት ጊጊሪ ሄዳ፣ ዘበኛውን በስሜ ጠየቀችው። ዘበኛው ያውቀኛል፣ ስድስት ዓመት በስዋሂሊኛ "ሀባሪ"፣ እንዴት ነህ፣ እየተባባልን ነው የገባሁ የወጣሁት። "ሀዩፖ፣ ማማ" አላት፤ የለም ማለቱ ነው። መቼ ይመጣል ስትለው፣ ከሐምሌ ጀምሮ እዚህ አይሠራም አላት። ጦይባ ክፉ ሰው አይደለችም። ግራ ቢገባት በቀጥታ ቤቴ ሄዳ አቢግያን "ባልሽ ሥራ ለቋል እንዴ?" ብላ ጠየቀቻት።

አቢግያ አታውቅም ነበር።

አሁን እርስዎም ይወቁት። የትርጉም ክፍሉን ሐምሌ ላይ ቀነሱት። አምስት ነበርን፣ ሁለት አስቀሩ፣ ሦስት አሰናበቱ። ጥፋት አላጠፋሁም። ቤተሰቡ ሁሉ ለልጁ "እንደ ሕዝቅያስ ሁን" የሚለው ሰው በሃምሳ ዓመቱ ዋዜማ የመግቢያ ካርዱን በር ላይ አስረክቦ ወጣ። በማግስቱ ክራባቴን አሰርኩና ከቤት ወጣሁ። በሣልስቱም እንደዚያው። ሰባት ወር ሙሉ ወጣሁ። ወደ ጊጊሪ የሚሄደውን ማታቱ ትቼ ወደ ኢስትሊ የሚሄደውን እሳፈራለሁ። አንድ ሎጅ ሥር ያለች ሻይ ቤት ውስጥ ተቀምጬ የሰውን ፎርም እሞላለሁ፣ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ማታ ስገባ አቢግያ ቢሮ እንዴት ዋለ ትለኛለች፣ ስብሰባ በዛ እላታለሁ።

ላፕቶፑም አሮጌ ዕቃ ሲያስወግዱ የሰጡኝ የድሮው የቢሮ ላፕቶፕ ነው። ቢሮ እያለሁ ፎልደሯን ስነካት ትከፈት ስለነበር ውስጡ ያለች መስሎኝ ነበር። እውነቱን የነገረኝ የእርስዎ ኑሬ ነው። ዜድን ላጥፋው ሲሉኝ የከለከልኩት ለምን እንደሆነ ልንገርዎ፤ ዜድ የሚለው ስም እዚያ እስካለ ድረስ ቢሮው ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ነጩን መስኮት ፊት ለፊት አስቀምጬ ሩብ ሰዓት ስጠብቅ፣ እውነቴን ነው፣ አንድ ቀን ይከፈታል እል ነበር።

ቢሮው በር ሄጄ ፋይሌን ስጡኝ ብል ኖሮ ኅዳር ላይ ያልቅ ነበር። አፈርኩ። ሌላ ምክንያት የለኝም። ይገዙን ስለ መበቀል አስቤ አላውቅም፤ እርስዎ ግን እንደዚያ ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀብዎትም።

አቢግያ እህቷ ቤት ሄዳለች። "ሥራ ማጣትህ አይደለም፣ ሰባት ወር ሸሚዝህን ተኩሼ የሸኘሁህ ነው" አለችኝ። ይህን የምጽፈው ከሻይ ቤቱ ነው፣ ቤቴ መቀመጥ አልቻልኩም። ቤቴን ያፈረሱት ፋይል ፍለጋ ነው። ፋይሉን አመጣልዎታለሁ። ከዚያ በኋላ እርስዎና እኔ ዘመድ አይደለንም።

ሕዝቅያስ


ናይሮቢ፣ የካቲት 12 ቀን 2000 ዓ.ም.

እትዬ፣

ለቀደመው ደብዳቤ መልስ ሳልጠብቅ ነው የምጽፈው። ቁጣዬ አልበረደም፣ ግን ቁጣው ይቆያል፣ ይሄ አይቆይም።

ቢሮ ሄድኩ። ዘበኛው የእንግዳ ካርድ አንገቴ ላይ አጠለቀልኝ፣ ዓይኑን መሬት ላይ አድርጎ። ከቀሩት ሁለቱ አንዷ ሠርክ ትባላለች፣ የጎንደር ልጅ ናት። አንድ ሰዓት ያህል በር ላይ ከጠበቅኳት በኋላ ወጣችና "ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን አልጠየቅከኝም?" አለችኝ። ተመልሳ ገባች። አምስት ደቂቃ ቆይታ ፍላሽ ይዛ መጣች። ኑሬ አምስት ደቂቃ ያለው ልክ ነው።

ሎጁ ውስጥ ባለ፣ የአማርኛ ፊደል በሚያነብ ኮምፒዩተር ላይ ከፈትኩት። ወዲያው ተከፈተ። አጎቴ እንዳለው፣ በእሱ አነጋገር ነው የጻፍኩት፤ "እሱ አንድ እጁ አጭር ነበረ"፣ "እሷ ፈረስ ትጋልብ ነበረ" የሚለው ሁሉ አለ። ብዙ ቆየሁበት። ከዚያ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ።

በሮሃ በኩል፦ ሮሃ አንድ፣ አንቺ ሁለት፣ አጎቴ ዓለምሰገድ ሦስት፣ አለኸኝ አራት፣ ሐብተየስ አምስት፣ እሜቴ ጌጤ ስድስት።

በቶማስ በኩል፦ ቶማስ አንድ፣ ይገዙ ሁለት፣ እናቱ ማንጠግቦሽ ሦስት፣ ወንድይፍራው አራት፣ ቢተው አምስት፣ እሜቴ ጌጤ ስድስት።

ሐብተየስና ቢተው የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በስድስተኛው ቤት ይገናኛሉ። አልሞላም።

ስልክ አትደውል ብለሽኛል፣ ግን ደወልኩ። ትናንትና ዛሬ ደወልኩ፣ አላነሳሽም። በስልክ መልእክት እንዳልጽፈው ሮሃ ታነበዋለች ብዬ ፈራሁ፤ በኑሬ ኢሜይል ልልከው አሰብኩና ኑሬ ያነበዋል ብዬ ተውኩት። ይገዙ ቤት ልደውል እችል ነበር፤ ቁጥሩን ይዤ ተቀምጬ ነበር፣ አልደወልኩም። እንደዚያ ብታስቢኝም እንደዚያ አይደለሁም። ይህን ደብዳቤ ነገ በሚበር ሰው ልኬልሻለሁ። ከየካቲት 16 በፊት ካልደረሰ ግን እባክሽ ስልኩን አንሺው።

ሕዝቅያስ


ደሴ፣ የካቲት 26 ቀን 2000 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለሕዝቅያስ፣

ለጾሙ በሰላም ያደረሰን አምላክ ለፋሲካው ያድርሰን። አንተ ዘመድ አይደለንም ብለሃል፤ ሰላምታውን ግን የለመድኩት ስለሆነ አልተውኩትም።

ደብዳቤህ የካቲት 20 ደረሰኝ። ሮሃ የካቲት 16 ተድራለች።

ስልኬ ሲጮህ አጠገቡ ነበርኩ። አሥራ ሦስት ጊዜ ነው የደወልከው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቆጠርኩት። ሰባት ቤት ሞልቷል የሚል ሰው አንድ ጊዜ ደውሎ ቢያጣኝ "ደህና ነው" ብሎ መልእክት ይልካል። አሥራ ሦስት ጊዜ የሚደውል ሰው የያዘው ክፉ ነው። ካነሳሁት እሰማለሁ፤ ከሰማሁ ደግሞ ሽማግሌ ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ስለዚህ አላነሳሁም። አንተን በመጥላት አይደለም ብልህ ግን ውሸት ይሆናል፤ እሱም ነበረበት።

የሠርጉ ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ቤቴ ተሰበሰቡ። የልጁ አጎት "ጽሑፉስ?" አሉ። ገባሁና ያን ሲዲህን፣ ያን ቀስት ብቻ ያለበትን፣ ከሣጥን አወጣሁት። ኑሬ አዲስ ማቀፊያ ሰጥቶኝ ነበር። በሁለት እጄ ይዤ "አባቴ ያስጻፈው ይኸው፣ ከናይሮቢ መጥቷል፣ አስነብቤዋለሁ፣ ሰባት ቤት ሞልቷል" አልኩ። አንዱም ይከፈት አላለም፤ ምን ተብሎ እንደሚከፈት አያውቁም። አጎትየው ሲዲውን ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩት፣ የራሳቸውን ፊት አዩበትና ሳሙት። ከዚያ ለሚቀጥለው ሽማግሌ አሳለፉት። ሁሉም ሳሙት። ለሠርጉ የተጠራው ኑሬ ጥግ ላይ ተቀምጦ እጁን ያይ ነበር። እኔም ፊቴ ሳይለወጥ ቆምኩ። ለንስሐ አባቴ ገና አልነገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ ይሁን ስትለኝ ለምን እንደነደድኩ አሁን ልንገርህ። ሮሃ አምስት ወሯ ነው። አንተ ግንቦት ትላለህ፣ በግንቦት ነጠላ የሚሸፍነው ሆድ አይኖራትም ነበር። አንተ ሥራህን ደበቅክ፣ እኔ ይህን ደበቅኩ። ኅዳር ላይ ሁለታችን እውነቱን ብንጽፍ ኖሮ አንድ ደብዳቤ ይበቃን ነበር። ስለ አቢግያ አዝናለሁ። ለእሷ ጽፌላታለሁ፤ ላንተ ብዬ አይደለም፣ ጦይባን የላክኋት እኔ ስለሆንኩ ነው።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አንብቤ አቃጥዬዋለሁ። አንተም ፍላሹን ስበረው። ሠርክን እዚያው ቢሮ ያለውን እንድታጠፋው ለምናት። ሺህ አራት መቶ ሰው እንደሚጠፋ አውቃለሁ፣ አባቴም አብሮ እንደሚጠፋ አውቃለሁ። ፈረስ ትጋልብ የነበረችውን ለማንበብ ዓይኔን እሰጥ ነበር። ይጥፋ። ማንም ቢጠይቅህ፣ ይገዙም ቢሆን፣ የሮሃ ልጆችም አድገው ቢሆን፣ ዝም በል። አይከብድህም። ሰባት ወር ሚስትህ አጠገብ ተኝተህ ዝም ያልክ ሰው ነህ። ያኔ ለራስህ ነበር፣ አሁን ለልጄ ዝም በልልኝ።

ቆጠራህን ደግሞ ተመልክቼዋለሁ። አባዬ ሳያስተምረኝ እኔም መቁጠር ችያለሁ። አንተ ከሮሃ ነው የጀመርከው። በሆዷ ካለው ጀምረህ ቁጠር፤ እሱ አንድ፣ ሮሃ ሁለት፣ እኔ ሦስት፣ አባዬ አራት፣ አለኸኝ አምስት፣ ሐብተየስ ስድስት፣ እሜቴ ጌጤ ሰባት።

ሞልቷል።

እህተማርያም